የፊቱ ጎማ ለነፍስህ፣ የኋላው ለኪስህ

ልጄ፣ ሞተር ከያዝክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎማ ልትቀይር ነው። ባለሱቁ ፊት ስትቆም ሁለት ነገር ትፈልጋለህ፤ ቶሎ የማያልቅ ይሁን፣ መንገዱንም ቆንጥጦ ይያዝ። ሁለቱን እስከ ጥግ አሟልቶ የሚሰጥ ጎማ የሠራ ፋብሪካ ግን እስካሁን የለም። መንገድ የሚይዘው ጎማ ለስላሳ ነው፤ ለስላሳ ደግሞ ቶሎ ይበላል። ዕድሜ ያለው ደረቅ ነው፤ ደረቅ ደግሞ መንገዱ ሲረጥብ ይከዳል። ወጣትነቴን በመስክ ሥራ ሞተር ላይ ነው የጨረስኩት፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜዬ አርባ ምንጭ ላይ ጎማ በመቀየርና በመሸጥ አልፏል። እጄ ያወቀውን ልንገርህ፣ የሚጠቅምህን ያዝ።

1. ጎማ ከመምረጥህ በፊት መንገድህን እወቅ።

ያለፈውን አንድ ሳምንት አስብ። ከነዳኸው ከእያንዳንዱ አሥር ኪሎ ሜትር ስንቱ አስፋልት፣ ስንቱ ኮብልስቶን፣ ስንቱ ጠጠር፣ ስንቱ ጭቃ ነበር? ብዙ ወጣት ይህን ራሱን ሳይጠይቅ ጥርሱ ትልልቅ የሆነውን ጎማ ያነሣል፤ ሲያዩት ጉልበት ያለው ይመስላልና። አስፋልት ላይ የሚይዝህ ግን መሬት የሚነካው ላስቲክ ብዛት ነው። ጥርሱ የተራራቀ ጎማ አስፋልት ላይ የሚያሳርፈው ላስቲክ ጥቂት ነው። ያ ጥቂት ላስቲክ ፍሬን በያዝክ ቁጥር ይተጣጠፋል፣ ይሞቃል፣ በአንድ ወገን እየተላጠ ያልቃል። እንዲህ ያለውን ጎማ አዲስ አበባ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ለሚያደርስ ልጅ መሸጥ ግፍ ነው እላለሁ፤ ዕድሜም አይሰጠው፣ ፍሬንም አይሰጠው።

መለኪያዬ ይህ ነው። ከአሥሩ ስምንቱ አስፋልት ከሆነ ጥርሱ የተቀራረበና የውኃ መውረጃ ቦይ ያለው የአስፋልት ጎማ ግዛ። ግማሽ አስፋልት ግማሽ ጠጠር ከሆነ መካከለኛ ጥርስ ያለው ቅይጥ ጎማ ይበቃሃል። ጥርሱ የተራራቀው ጎማ የሚያስፈልገው ውሎው ጭቃ ላይ ለሆነ ሰው ነው፤ ቀበሌ ለቀበሌ ለሚዞር የግብርና ባለሙያ፣ ክትባት ይዞ ገጠር ለሚወርድ የጤና ሠራተኛ። መረሬ አፈር በክረምት በጥርሶቹ መካከል ይጠቀጠቅና ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። ጥርሶቹ ከተራራቁ ግን ጎማው ሲሽከረከር ጭቃውን እየወረወረ ራሱን ያጸዳል። የጥርሱ መራራቅ ሥራው ይህ ነው፤ ጭቃ ከሌለህ አያስፈልግህም።

2. ጥርሱን ብቻ አትይ፣ ላስቲኩንም ጠይቅ።

ጥሬ ላስቲክ ሙቀት ሲነካው ይጣበቃል፣ ብርድ ሲነካው ይሰነጠቃል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ከድኝ ጋር አሙቆ ጸንቶ እንዲቆም የሚያደርግበትን መንገድ አገኘ። ጎማ ጥቁር የሆነው ደግሞ በሚጨመርበት ጥላሸት ምክንያት ነው፤ ጥላሸቱ ላስቲኩ ቶሎ እንዳይበላ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሲሊካ ነው። ሲሊካ የገባበት ጎማ በብርድና በእርጥብ መንገድ ላይ ሳይደርቅ ይይዛል። ስለዚህ ባለሱቁን ስለ ጥርሱ ከጠየቅኸው በኋላ «ለዝናብ የተሠራ ነው ወይስ ለረጅም ርቀት?» በለው። የሚያውቅ ሰው ይመልስልሃል። ግራ ከተጋባ ሌላ ሱቅ ሂድ።

መሐሉ ደረቅ፣ ዳርና ዳሩ ለስላሳ ሆኖ የሚሠራ ጎማም አለ። ቀጥ ብለህ ስትሄድ ደረቁ መሐል ይበላልሃል፣ ዘንበል ስትል ለስላሳው ትከሻ ይይዝሃል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ይህ ዓይነቱ በአብዛኛው የሚሠራው ለትልልቅ ሞተሮች ነው። ለ100ና ለ150 ሲሲ ሞተር ገበያችን ላይ የምታገኘው በአብዛኛው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ላስቲክ ነው፤ ምርጫውን አንተው ራስህ ፊትና ኋላ ለይተህ ታደርገዋለህ። ወደዚያው ልምጣ።

3. የፊቱን ለነፍስህ፣ የኋላውን ለኪስህ ምረጥ።

ከምነግርህ ሁሉ ይህን ብቻ ብትይዝ በቂዬ ነው።

ፍሬን ስትይዝ የሞተሩና የሰውነትህ ክብደት ወደ ፊት ይጋልባል። በዚያች ቅጽበት የሚያቆምህ ከኋላው ይልቅ የፊቱ ጎማ ነው። መሪህን ስታዞርም የሚታዘዘው እሱ ነው። የኋላ ጎማ ቢንሸራተት ብዙ ጊዜ ይነግርሃል፤ ጭራው ይወዛወዛል፣ ጋዙን ለቀቅ ታደርጋለህ፣ ይመለሳል። የፊቱ ከተንሸራተተ ግን ለመተንፈስ እንኳ ጊዜ የለህም፤ መሬት ላይ ነህ። በሌላ በኩል ሞተሩን የሚገፋው የኋላው ነው፤ ጭነቱን የሚሸከመው፣ ተፈናጣጩን የሚሸከመውም የኋላው ነው። ስለዚህ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ የፊት ጎማ እስኪያልቅ የኋላው ሁለት ጊዜ ይቀየራል።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። የፊቱን ጎማ ስትገዛ ላስቲኩ ለስለስ ያለውን፣ በዝናብ የሚይዘውን ውሰድ። ለስላሳ ቢሆንም ፊት ላይ ሥራው ቀላል ስለሆነ ዕድሜው የምትፈራውን ያህል አያጥርም። የኋላውን ጠንከር ያለና ጥርሱ ጥልቅ የሆነውን አድርገው። ጠንከር ያለ ስልህ ግን ድንጋይ የሆነውን አላልኩህም፤ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ጋዝ በሰጠህ ቁጥር ባዶውን የሚሽከረከር የኋላ ጎማ ገንዘብህን አላዳነም። ብዙ ሰው የሚያደርገው የዚህን ግልባጭ ነው። ጥሩውን ጎማ ኋላ ያስገጥማል፣ ግማሽ የተበላውን ወይም የተገኘውን ፊት ላይ ይለጥፋል፤ «የፊቱ ምን ይሠራል» ይላል።

ነገሩን በቁጥር ላሳይህ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየነዳህ ድንገት ሕፃን ገባብህ እንበል። የጎማህ ከመንገዱ ጋር ያለው ሰበቃ 0.7 ከሆነ ፍሬን ከያዝክበት አንሥቶ 14 ሜትር ያህል ሄደህ ትቆማለህ። ላስቲኩ ደርቆ ሰበቃው ወደ 0.5 ከወረደ ወደ 20 ሜትር ይጠጋል። ልዩነቱ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ከአንድ ሚኒባስ ርዝመት ይበልጣል። ያ ሕፃን የቆመው በዚያ አምስት ሜትር ተኩል ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ደግሞም ምን ላይ ተቀምጠህ እንደምትሄድ አስብ። የፊቱ ጎማ 100 ኪሎ ቢያርፍበት፣ በውስጡ ያለው ንፋስ በካሬ ሴንቲ ሜትር 2 ኪሎ ቢገፋ፣ መሬት የሚነካው 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከመዳፍህ ያነሰ። ሕይወትህ ያለችው በዚያች ቦታ ነው። ርካሽ ነገር አታስቀምጥባት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ፊትና ኋላ የተለያየ ላስቲክ መሆኑ በትንሽ ሞተር ላይ ችግር የለውም፤ አሠራሩ ግን መለያየት የለበትም። ክሩ የተጠላለፈበትን ተራ ጎማ በአንድ ወገን፣ ራዲያል የሚባለውን በሌላ ወገን አታስገጥም፤ ሁለቱ መታጠፊያ ላይ ጠባያቸው አይገጥምም።

4. ጎኑ ላይ የተጻፈውን ሳታነብ አትክፈል።

ቁጥሩ ቋንቋ አለው። ብዙዎቹ ቦክሰር ሞተሮች ፊት 2.75-17፣ ኋላ 3.00-17 ይላሉ፤ ያማሃ ዲቲ 125ና ሆንዳ ኤክስኤል 125 ደግሞ ፊት 2.75-21፣ ኋላ 4.10-18። የመጀመሪያው ቁጥር ወርዱ በኢንች፣ ሁለተኛው የቸርኬው ቁመት ነው። ወርዱን ከተወሰነልህ በላይ ማስፋት ለአንዳንዶች ማማር ይመስላቸዋል፤ ሰፊው ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲታሰር ግን ጀርባው ይጎብጣል፣ መሐሉ ብቻ መሬት ይነካና በዚያው ይበላል። ካቴናውንም ይታከካል። ፋብሪካው ያለህን ልክ ግዛ።

ከልኩ ቀጥሎ ቁጥርና ፊደል አለ፤ ለምሳሌ 50P። ፊደሉ የፍጥነት ነው፣ P ማለት በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ድረስ። ትንሽ ሞተር ያንን አይደርስበትምና ፊደሉ አያስጨንቅህ። ቁጥሩ ግን ያስጨንቅህ። 50 ማለት 190 ኪሎ ማለት ነው። አሁን ደምረው። ሞተሩ 115 ኪሎ ገደማ፣ አንተና ያፈናጠጥከው ሰው 130፣ ዕቃው 40፤ ድምሩ 285። ከዚህ ሁለት ሦስተኛው የኋላው ላይ ያርፋል፤ 190 ኪሎ። ጎማው ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ጫፉ ላይ ነው የሚውለው፣ ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ከጫፉ ያልፋል። ሰው ወይም ዕቃ የምታመላልስ ከሆነ በዚያው ልክ 56 የሚል ብታገኝ 224 ኪሎ ይሸከማል። ጫና የበዛበት ጎማ ይሞቃል፣ የሞቀ ላስቲክ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ብዙ ሰው «ይህ ጎማ አይበረክትም» ብሎ ፋብሪካውን የሚረግመው ጭነቱን ሳይቆጥር ነው።

ሦስተኛው የተሠራበት ቀን ነው። በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ ታገኛለህ። 3623 ካለ በ2023 በ36ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ዓመቱ የፈረንጅ ነው። ያ ጎማ በእኛ አቆጣጠር የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን አካባቢ የተሠራ ነው። የእኛን ዘመን በልቡ ይዞ የሚያነብ ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያሸበሸበውን ጎማ ትናንት የተሠራ አድርጎ ይገዛዋል። አምስት ዓመት ያለፈውን ጎማ እኔ ለልጄ አልገዛም። ትላልቆቹ ፋብሪካዎች አምስት ዓመት ካለፈው በኋላ በየዓመቱ ይመርመር፣ አሥር ዓመት ሲሞላው ጥርሱ ቢኖርም ይጣል ይላሉ።

የማሽከርከሪያውን ቀስትም እይ። ጎሚስታው ቸኩሎ ገልብጦ ቢያስገባው ውኃ መውረጃው ቦይ ውኃውን ወደ ውጭ በመጣል ፈንታ ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል።

5. በጥፍርህ ፈትነው።

ይህን ሱቅ ውስጥ አድርገው፤ ማንም አይከለክልህም። የአውራ ጣትህን ጥፍር ጎማው ትከሻ ላይ፣ በአንዱ ጥርስ ጠርዝ፣ አጥብቀህ ተጫነው። ጤነኛ ላስቲክ ጥፍርህን ይቀበላል፤ ስታነሣው ምልክቱ ቀስ ብሎ ይጠፋል። የደረቀው አይቀበልህም፤ ጥፍርህ ይንሸራተትበታል። ቀጥለህ ጎኑን በሁለት እጅህ እጠፈውና እጥፋቱ ላይ ተመልከት። ጭረት የሚያህሉ ስንጥቆች ከታዩህ ፀሐይ በልቶታል። ሱቁ በራፍ ላይ ለማሳያ የተሰቀለውን ጎማ ስለዚህ ነው የማልገዛው፤ ዋጋ ቢቀነስልህም ከውስጥ፣ ከጥላ ያለውን አምጣ በለው። ሁለት ዓይነት ጎማ ይዘህ ስትወዛገብ በዚሁ ጥፍር አወዳድራቸው፤ የቱ ለፊት፣ የቱ ለኋላ እንደሚሆን ያኔውኑ ታውቃለህ።

6. ስም ብቻ አትግዛ።

ገበያችን ላይ የሕንድና የቻይና ጎማ ይበዛል። ኤምአርኤፍ፣ ሲያት፣ ቲቪኤስ የሚሉትን ሁሉም ያውቃቸዋል። ኤምአርኤፍ እ.ኤ.አ. በ1946 ማድራስ ውስጥ የልጆች ፊኛ በመሥራት የተነሣ ነው፤ ሲያት ደግሞ በ1924 ጣሊያን ቱሪን ከተማ ተመሥርቶ በኋላ ሕንድ የገባ። ጥሩ ስሞች ናቸው። ነገር ግን አንዱ ፋብሪካ ራሱ ለረጅም ዕድሜ የሚሠራው ደረቅ ጎማና ለመያዝ የሚሠራው ለስላሳ ጎማ አለው፤ ስሙ አንድ፣ ጠባዩ ሁለት ነው። «ኤምአርኤፍ ስጠኝ» ማለት ግማሽ ጥያቄ ነው።

7. ዋጋውን በኪሎ ሜትር አካፍለው።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር ካለፈ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ መክበዱን ታውቀዋለህ። ሰው ወደ ርካሹ መሮጡ አይፈረድበትም። ግን ርካሹን በሒሳብ አረጋግጥ። ለምሳሌ ያህል አንዱ የኋላ ጎማ 3,000 ብር ሆኖ 8,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ሌላው 4,500 ብር ሆኖ 15,000 ቢሄድ፣ የመጀመሪያው በኪሎ ሜትር 37 ሳንቲም ተኩል፣ ሁለተኛው 30 ሳንቲም ነው። የጎሚስታውንና ሥራ የምትፈታበትን ግማሽ ቀን ስትጨምርበት ልዩነቱ ይሰፋል።

ለፊቱ ጎማ ሒሳቡ ሌላ ነው። ለስላሳው 4,500 ብር ሆኖ 12,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 37 ሳንቲም ተኩል ይወጣልሃል፤ ደረቁ 3,500 ሆኖ 20,000 ቢሄድ 17 ሳንቲም ተኩል። ደረቁ በ20 ሳንቲም ይረክሳል። በቀን 100 ኪሎ ሜትር ብትነዳ 20 ብር ማለት ነው። ቅድም የነገርኩህን አምስት ሜትር ተኩል የምትገዛው በዚያች 20 ብር ነው። እኔ እገዛው ነበር፤ አንተም ግዛው።

ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደልህ ለማወቅ የቀየርክበትን ቀንና የቆጣሪውን ንባብ ስልክህ ላይ ጻፍ። ያለዚያ ሁለተኛውን ጎማ ስትገዛም የምትመራው በወሬ ነው።

8. ከመነዳሪውንም አብረህ ቀይር።

አሮጌ ከመነዳሪ ተለጥጦ የአሮጌውን ጎማ መልክ ይዟል፤ አዲስ ጎማ ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል፣ የታጠፈበት ቦታ ይበላል። ቱብሌስ ጎማ የሚቀበል ቸርኬ ካለህ እሱን ምረጥ፤ ሚስማር ሲገባበት ንፋሱ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፣ ከመነዳሪ ያለው ግን ድንገት ሊራገፍ ይችላል። በሽቦ የተወጠረ ቸርኬ ግን በአብዛኛው ያለ ከመነዳሪ አይሆንም፤ «ይሆናል» የሚልህን አትስማ።

9. ዕድሜውንም መያዙንም የሚወስነው ንፋሱ ነው።

ምርጡን ጎማ ገዝተህ ንፋሱን ካልጠበቅህ ገንዘብህን ጥለኸዋል። ንፋሱ ሲያንስ ጎማው ይረግብና ትከሻና ትከሻው ይበላል፤ ውስጡ በመተጣጠፍ ብዛት ይሞቃል። ሲበዛ ደግሞ መሐሉ ብቻ መሬት ይነካል፣ ኮብልስቶን ላይ ይዘላል፣ መሐሉ አልቆ ዳሩ አዲስ ሆኖ ይቀራል። ብዙዎቹ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉ ሞተሮች ፊት 25፣ ኋላ ብቻህን ስትሆን 28፣ ሰው ሲፈናጠጥ 32 ፒኤስአይ አካባቢ ይፈልጋሉ፤ የአንተው ሞተር የሚለውን ግን ከመመሪያው መጽሐፍ ወይም ካቴናው መከለያ ላይ ከተለጠፈው አንብብ። ጎሚስታው በጣቱ ጫን ብሎ «በቃ፣ ሞልቷል» ቢልህ አትቀበለው። በጣት ተጭኖ 20ን ከ28 የሚለይ ሰው እስካሁን አላየሁም። መለኪያ ግዛ፤ ኪስ ውስጥ የምትገባ አለች።

ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሄድ ለካ። የነዳኸው ጎማ ይሞቃልና ቁጥሩ ይዋሽሃል። ደጋና ቆላ የምትመላለስ ከሆነ ይህን ስማ። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጨንቻ 2,700 ገደማ። ሽቅብ ስትወጣ የአካባቢው አየር ይሳሳልና መለኪያህ 2 ፒኤስአይ ያህል ከፍ ብሎ ያሳያል። ግን እዚያ ብርድ ነው፤ ጎማው ውስጥ ያለው ንፋስ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ወደዚያው የሚጠጋ ይወርዳል። ሁለቱ በአብዛኛው ይጣጣፋሉ። ስለዚህ ወጣሁ ብለህ አታስተንፍሰው፣ ወረድኩ ብለህ አትሙላው፤ ጠዋት ተነሥተህ ባለህበት ለካው። በተለይ ቆላ ላይ በእኩለ ቀን ለክተህ «በዛ» ብለህ አታስተንፍስ። ማታ ደጋ ስትደርስ ረግቦ ታገኘዋለህ።

ጭቃ ላይ ጥቂት ንፋስ መቀነስ ጎማው እንዲይዝ ያግዛል፤ ባለሙያ ሁሉ ያደርገዋል። ከመነዳሪ ባለው ጎማ ግን ወሰን አለው። ንፋሱ በጣም ሲያንስ ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞራል፤ ከመነዳሪውን ይዞት ይሄዳል፤ ቫልቮላው ግን ቀዳዳው ውስጥ ተይዟል። ቫልቮላውን ተመልከት፤ ቀጥ ብሎ ወደ መሐል ማመልከት ሲገባው ዘንበል ብሎ ካየኸው ጎማው ዞሯል። ያኔውኑ ንፋሱን አውጥተህ አስተካክለው። የምታሳድረው ከሆነ ሥሩ ላይ ይቀደዳል፤ የተቀደደ ቫልቮላ ደግሞ አይጣፍም።

10. ከሰኔ በፊት ቀይር።

በጎማው ቦዮች ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጎኑ ላይ ቲደብሊውአይ የሚል ጽሑፍ ወይም ቀስት ቦታቸውን ያሳይሃል። የሞተር ጎማ ላይ ቁመታቸው ብዙ ጊዜ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ ከጉብታው ጋር ከተስተካከለ ጎማው አልቋል። በበጋ፣ በደረቅ አስፋልት፣ እዚያ ድረስ መሄድ ትችል ይሆናል። ለክረምት ግን አትጠብቅ። ውኃ የሚወጣው በቦዩ ነው፤ ቦዩ ከጠፋ ጎማው ውኃው ላይ ይሳፈራል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ደግሞ የበጋውን ዘይትና አቧራ ከአስፋልቱ ቀስቅሰው ያንሳፍፉታል፤ ከሐምሌው ከባድ ዝናብ ይልቅ የሰኔዋ ካፊያ ብዙ ሞተረኛ ጥላለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ግንቦት ላይ ጥርሱ የተጋመሰ የፊት ጎማ ካለህ ያኔውኑ ቀይረው፤ የወጣውን ለበጋ ማስቀመጥ ትችላለህ፣ በጥላ።

የኋላው መሐሉ ሜዳ ከሆነም ጥርስ ቢቀረውም እየጨረስክ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ብዙ የሚሄድ ሰው ይህ ይገጥመዋል። መታጠፊያ ላይ ሞተሩ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ድንገት ይወድቃል። እምቢታውን ብዙዎች ከሞተሩ እርጅና ይቆጥሩታል፤ ጎማው ነው።

11. አዲሱን ጎማ አትመነው፣ ለጥቂት ቀን።

ከቅርጹ የወጣ ጎማ ላዩ ልሙጥ ነው። የመጀመሪያውን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ፍሬንህን ቀስ በል፣ መታጠፊያ ላይ ብዙ አትተኛ፣ ከዚያ በኋላ የገዛኸውን መያዝ ታገኘዋለህ። እንዲያብረቀርቅ ብሎ ዘይት የሚቀባልህ ጎሚስታ ካለ አስቁመው።

ጎማው ያለ አግባብ ከተበላ ደግሞ ሌላ ከመግዛትህ በፊት ምክንያቱን ፈልግ። ካቴናው ሲወጠር የኋላው እግር በአንድ ወገን ተጎትቶ ይሆናል፤ ሁለቱ ወገን ላይ ያሉትን ምልክቶች አስተያያቸው። የፊቱ ሞላ ሞቶም ይሆናል፤ ያኔ ጎማው ቦታ ቦታ እየጎደጎደ ይበላል። ሞላውን ሳታስተካክል አዲስ ጎማ ብትገጥም በዚያው መንገድ ያልቃል።

12. ያወጣኸውን ጎማ ለሞተረኛ አትሽጥ።

አንዳንዱ ሙልጭ ያለውን ጎማ በቢላ ጥርስ ያስወጣለትና መልሶ ይሸጠዋል። ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ሞተር ጎማ ላይ ከጥርሱ ሥር ያለው ላስቲክ በጣም ስስ ነው፤ ቢላው ክሩን ይነካዋል፣ የተነካው ክር ጭነትና ሙቀት ሲያገኘው ይፈነዳል። ገዢው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ያጠረው፣ እንዳንተ ሥራ የጀመረ ልጅ ነው። ስለዚህ ያለቀውን ጎማህን ከጎሚስታው ስትወጣ ትተህለት አትሂድ። ዳርና ዳሩን የያዘውን ሽቦ በመጋዝ ቁረጠው፤ ያኔ ማንም ሊገጥመው አይችልም። ላስቲኩን በረባሶ ለሚሠራ ሰው ስጠው።